የነጣው ጥቁር ፕላስቲክ፦ ማጥቆር ማዳን አይደለም

በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ የቆሙ መኪናዎችን ረጋ ብሎ ለሚመለከት ሰው አንድ ነገር ጎልቶ ይታየዋል። ዐሥርና ዐሥራ አምስት ዓመት ያገለገለ መኪና የብረት አካሉ ቀለም ገና ደኅና ሆኖ ሳለ፣ ሲሠሩ ጥቁር የነበሩት የፕላስቲክ ክፍሎቹ ዐመድ መስለው ነጥተዋል። ፓራውልቱ፣ የስፖኪዮው ሽፋን፣ በበሩ ላይ የተለጠፈው መከላከያ፣ ከፊት መስተዋቱ ግርጌ ያለው ክዳን ሁሉም የዚህ ዕጣ ተካፋዮች ናቸው። ባለቤቱም መኪናውን ለማሳጠብ ወደ ላቫጆ ይወስደዋል። አጣቢው ወጣት ጨርቁን የተቃጠለ የሞተር ዘይት ውስጥ ነክሮ ፕላስቲኩን ያሻሸዋል። ፕላስቲኩ በቅጽበት ይጠቁራል፤ ባለቤቱ ረክቶ ይሄዳል። ጥቂት ቀናት አልፈው አንድ ሁለት ዝናብ ሲዘንብ ግን ንጣቱ ተመልሶ ይመጣል፤ ባለቤቱም እንዲሁ።

በዚህ ጽሑፍ የምንከራከርለት ሐሳብ አጭር ነው። የነጣን ፕላስቲክ ማጥቆርና የተጎዳን ፕላስቲክ ማዳን ለየቅል ናቸው። የመጀመሪያው የብርሃን ጉዳይ ነው፤ ሁለተኛው የሞለኪውል። ሁለቱን ሳንለይ በመቅረታችን ገንዘባችንን በከንቱ እናወጣለን፤ ከገንዘብም ይልቅ የሚከብደው የወጣቶቻችንን እጅ ያለ በቂ ምክንያት ለመርዝ እንዳርጋለን። ጉዳዩ ተራ የውበት ነገር ቢመስልም፣ ከስምንተኛ ክፍል የብርሃን ትምህርት አንሥቶ እስከ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ድረስ የተማርነውን ሁሉ የሚፈትን በመሆኑ በሳይንስ መጽሔት ላይ ሊነሣ ይገባዋል እንላለን።

ጥቁሩ ቀለም የት ሄደ?

ብዙ ሰው የፕላስቲኩን ንጣት ከልብስ መንጣት ጋር ያመሳስለዋል፤ «ፀሐይ ቀለሙን በላችው» ይላል። ቀይ ጨርቅ ፀሐይ ላይ ውሎ ሲደበዝዝ በእርግጥም የቀለሙ ሞለኪውሎች ፈርሰዋል። የመኪና ፕላስቲክ ጥቁረት ግን ከዚህ የተለየ ነው። ይህን ጥቁረት የሚሰጠው በፕላስቲኩ ውስጥ የተበተነ የካርቦን ጥላሸት ሲሆን፣ ጥላሸትን ፀሐይ አታነጣውም። ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የአገራችን የብራና መጻሕፍት ጸሐፍት ጥቁር ቀለማቸውን የሚያዘጋጁት በዋናነት ከጥላሸት ነበር፤ በዚያ ቀለም የተጻፉ ገጾች መቶ ዓመታትን ተሻግረው ዛሬም ጠቁረው ይነበባሉ።

እንግዲያውስ ጥቁሩ የት ሄደ? የትም አልሄደም። ማረጋገጫውም ቀላል ነው። በነጣው ፓራውልት ላይ አንድ ጠብታ ውኃ አድርጎ በጣት ማሰራጨት ብቻ ነው። ውኃው የነካው ቦታ ወዲያው ይጠቁራል፤ ሲደርቅ ተመልሶ ይነጣል። ውኃ ጥቁር ቀለም የለውም፤ ስለዚህ ያጠቆረው ነገር ቀድሞውኑ እዚያ የነበረ ነው ማለት ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት የብርሃን ነጸብራቅን ሕግ እናስታውስ። ብርሃን ከአየር ወደ ፕላስቲክ ሲገባ፣ የሁለቱ የስብረት አመልካቾች ስለሚለያዩ (የአየር 1 ሲሆን የፕላስቲኩ 1.49 ገደማ ነው) ከብርሃኑ 4 በመቶ ያህሉ ከገጹ ላይ ይመለሳል። ገጹ ልሙጥ ከሆነ ይህ 4 በመቶ እንደ መስታወት ነጸብራቅ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይሄዳል፤ በሌላ አቅጣጫ የቆመ ተመልካች የሚያየው ወደ ውስጥ ገብቶ በጥላሸቱ የተዋጠውን ብርሃን፣ ማለትም ጥቁረትን ነው። ገጹ ሲሻክርና በጥቃቅን ስንጥቆች ሲሞላ ግን ብርሃኑ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይበተናል፤ በእያንዳንዱ ስንጥቅ ግድግዳ ላይም በአየርና በፕላስቲክ መካከል አዲስ ነጸብራቅ ይፈጠራል። በዚህ ላይ ፕላስቲኩን ለማጠንከር የሚጨመረው ታልክ የተባለ ነጭ የማዕድን ዱቄት አለ። ዱቄቱ በፕላስቲኩ ተከብቦ ሳለ አይታይም፤ ፕላስቲኩ ከላዩ ሲረግፍ ግን ለአየር ይጋለጥና እንደ ጠመኔ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ዐይናችን ንጣት ብሎ የሚያነብበው የእነዚህን ሁሉ ድምር ነው።

ውኃ በስንጥቆቹ ውስጥ ሲገባ የአየርን ቦታ ይወስዳል። የውኃ የስብረት አመልካች 1.33 በመሆኑ ለፕላስቲኩ ይቀርባል፤ በሁለቱ መካከል የሚመለሰው ብርሃንም ከ4 በመቶ ወደ 0.3 በመቶ ገደማ ያሽቆለቁላል። ዝናብ የነካው አፈርና አስፋልት የሚጠቁሩትም በተመሳሳይ የብርሃን ሕግ ነው። እንግዲህ የነጣ ፕላስቲክ ቀለሙ የጠፋ ሳይሆን ቆዳው የተሰነጠቀ ፕላስቲክ ነው።

ፀሐይ ሰንሰለት ስትቆርጥ

ቆዳው ለምን ተሰነጠቀ? የአብዛኛው ዘመናዊ መኪና ፓራውልትና መሰል ክፍል የሚሠራው ከፖሊፕሮፒሊን ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ስብራትን እንዲቋቋም ጎማ መሰል ቁስ ይደባለቅበታል። ፖሊፕሮፒሊን በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለኢንዱስትሪ የበቃ ቁስ ነው፤ ለዚህ ያበቃውን የማቀነባበሪያ ዘዴ በማበርከታቸው ጀርመናዊው ካርል ሲግለርና ጣሊያናዊው ጁሊዮ ናታ በ1963 (እ.ኤ.አ.) የኖቤል ሽልማትን በኬሚስትሪ ተጋርተዋል። ቁሱ ርካሽ፣ ቀላልና ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ከፀሐይ ጋር አይስማማም።

ይህንን በቁጥር እንመልከት። የአንድ ፎቶን ኢነርጂ ከሞገድ ርዝመቱ ጋር በተገላቢጦሽ ይሄዳል። የ700 ናኖሜትር ቀይ ብርሃን በአንድ ሞል ፎቶን 171 ኪሎጁል ገደማ ይይዛል፤ የ300 ናኖሜትር አልትራቫዮሌት ጨረር ግን 399 ኪሎጁል ያህል ይይዛል። ሁለት የካርቦን አቶሞችን አያይዞ የሚያቆየው ትስስር ደግሞ 350 ኪሎጁል አካባቢ ነው። ቀይ ብርሃን የቱንም ያህል ቢበዛ የማይበጥሰውን ማሰሪያ፣ አልትራቫዮሌት በአንድ ፎቶን ሊበጥሰው የሚያስችል አቅም አለው። ይህ አልበርት አይንስታይን በ1905 (እ.ኤ.አ.) ካቀረበው የብርሃን ቅንጣት ሐሳብ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው።

ይሁን እንጂ አቅም መኖሩ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ጨረሩ መጀመሪያ መዋጥ አለበት። ንጹሕ ፖሊፕሮፒሊን ወደ ምድር የሚደርሰውን አልትራቫዮሌት እምብዛም አይውጥም። ጥፋቱ የሚጀምረው በፋብሪካ ሙቀት ጊዜ በተፈጠሩ ኦክሲጅን ባላቸው ቡድኖችና በማቀነባበሪያው ቅሪቶች ላይ ነው። እነዚህ ጨረሩን ውጠው ሲፈርሱ ራዲካል የሚባሉ፣ ያልተጣመረ ኤሌክትሮን ያላቸውና አርፈው የማይቀመጡ ቅንጣቶች ይወለዳሉ። ራዲካሉ ከአየር ኦክሲጅን ጋር ይጋባል፤ ከጎረቤቱ ሰንሰለት ላይ ሃይድሮጅን ይነጥቃል፤ ጎረቤቱንም በተራው ራዲካል ያደርገዋል። በሂደቱ የሚፈጠረው ሃይድሮፐርኦክሳይድ በሁለት ኦክሲጅኖች መካከል ያለው ማሰሪያው ደካማ፣ ከ200 ኪሎጁል በታች በመሆኑ በቀላሉ ተሰብሮ ሁለት አዳዲስ ራዲካሎችን ይወልዳል። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እየሆነ እንደ ሐሜት ይዛመታል። በመጨረሻም ረጃጅሞቹ የሞለኪውል ሰንሰለቶች ይቆራረጣሉ። ያጠሩት ቁራጮች ተጠጋግተው ስለሚደረደሩ የላይኛው ቆዳ ይኮማተራል፤ ከሥሩ ያለው ግን ስላልተኮማተረ ቆዳው እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጠቃል።

በዚህ ረገድ የምንኖርበት ስፍራ አይረዳንም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ ትገኛለች። አልትራቫዮሌት በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ በባሕር ዳርቻ ካለ ከተማ ጋር ሲነጻጸር ከፍታው ብቻ ሩብ ያህል ጭማሪ ያመጣል። ከተማዋ በሰሜን 9ኛው ኬክሮስ ላይ በመሆኗም ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መገባደጃ፣ እኩለ ቀን ላይ በቀጥታ አናታችን ላይ ትሆናለች። ነሐሴ በደመና ተሸፍኖ ቢያልፍም የበጋው ወራት ፀሐይ ግን ያለ ከልካይ ትወርዳለች። በምድር ወገብ አካባቢ ያለው የኦዞን ንጣፍ ከሌላው ስፍራ ሳሳ ያለ መሆኑም ሌላው ተጨማሪ ምክንያት ነው።

የብረቱ ቀለም ለምን ተረፈ? ብዙዎቹ መኪናዎች በቀለሙ ላይ አልትራቫዮሌትን የሚውጥ ንጥረ ነገር ያለው ብርሃን አስተላላፊ ሽፋን አላቸው። ጥቁሩ ፕላስቲክ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለ ልባስ፣ ራቁቱን ነው።

ዘይት የተነከረው ጨርቅ ምን ይሠራል?

አሁን ወደ ላቫጆው እንመለስ። ዘይት ውኃ የሠራውን ሥራ ይሠራል፤ ይበልጥም አሳምሮ ይሠራዋል። የማዕድን ዘይት የስብረት አመልካች 1.47 ገደማ በመሆኑ ከፕላስቲኩ ጋር ሊገጥም ምንም አልቀረውም፤ በሁለቱ መካከል የሚመለሰው ብርሃን ከ0.01 በመቶ በታች ነው። ስንጥቁ ለዐይን ይጠፋል። ዘይት እንደ ውኃ በደቂቃዎች ስለማይተንም ጥቁረቱ ቀናትን ይቆያል። የሆነው ይኸው ነው። አንድም የተቆረጠ ሰንሰለት አልተቀጠለም፤ አንድም ራዲካል አልተያዘም፤ አልትራቫዮሌቱም አልተከለከለም። ስንጥቁ ተሸፈነ እንጂ አልዳነም።

ጉዳትም አለው። በበርና በመስኮት ዙሪያ ያሉት ጎማዎች ብዙውን ጊዜ ከማዕድን ዘይት ጋር የማይስማማ ዓይነት ጎማ በመሆናቸው ዘይቱን እየጠጡ ያብጣሉ፤ ይልፈሰፈሳሉም። ዘይት የጠጣ ገጽ አቧራ ይስባል፤ አቧራውም በሚቀጥለው እጥበት በጨርቅ ሲታሽ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሆኖ ገጹን ይፍቃል።

አንዳንዶች የምግብ ዘይት ይቀባሉ። ከእነዚህ መካከል የኑግ ዘይት ለተማሪዎቻችን ጥሩ ማስተማሪያ ነው። በኑግ ዘይት ውስጥ የሚበዛው ሊኖሌይክ የሚባለው አሲድ ሲሆን፣ በሞለኪውሉ ላይ ባሉት ሁለት ድርብ ማሰሪያዎች ምክንያት ከኦክሲጅን ጋር ለመዋሐድ ይቸኩላል። ፕላስቲኩን ያጠፋው ተመሳሳይ የራዲካል ሂደት ዘይቱን ደግሞ ወደ ሚያጣብቅ ንጣፍ ይለውጠዋል። የጫማ ቀለምም ሰምና ቀለም በመሆኑ ጥቂት ይቆያል እንጂ ከውኃና ከሳሙና አያመልጥም። በሱቅ የሚሸጡት ባለ ሲሊኮን ማብሪያዎች ከእነዚህ ሁሉ ይሻላሉ፤ ሲሊኮን በፀሐይ በቀላሉ አይበላሽም። ሆኖም አብዛኞቹ ገጹን ይሸፍናሉ እንጂ ጨረሩን አይከለክሉም። ከዚህም ሌላ የሲሊኮን ቅሪት ባለበት ገጽ ላይ ቀለም ሲቀባ ቀለሙ እየሸሸ ክብ ክብ ጉድጓድ ይፈጥራል። በኋላ ቀለም ሊያስቀባ የሚያስብ ሰው ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል።

ለሁለት ቀን ጥቁረት የማን እጅ?

እስካሁን የተናገርነው የዕቃን ጉዳት ነው። ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ይበልጥ ያነሣሣን ግን የሰው ጉዳይ ነው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት አዲስ ዘይት ማለት አይደለም። በሞተር ውስጥ በከፍተኛ ሙቀት ሲሠራ ከቃጠሎው የሚመጡ ባለ ብዙ ቀለበት ሃይድሮካርቦኖችንና ከሞተሩ የተፋቁ የብረት ቅንጣቶችን ይሰበስባል። በአይጦች ቆዳ ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ያገለገለ የቤንዚን ሞተር ዘይት የቆዳ ዕጢ እንደሚያመጣ ታይቷል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም በቂ ማጣሪያ ያላለፉ የማዕድን ዘይቶችን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉት ተርታ መድቧቸዋል።

ነገሩ አዲስ ግኝት እንዳልሆነ ታሪክ ይነግረናል። የለንደኑ የቀዶ ጥገና ሐኪም ፐርሲቫል ፖት በ1775 (እ.ኤ.አ.) የጭስ ማውጫ በሚጠርጉ ሠራተኞች ላይ የሚታየውን ካንሰር ከጥላሸት ጋር አያይዞ ጽፏል። በጥላሸቱ ውስጥ የነበሩት ጎጂ ነገሮች ከእነዚሁ ባለ ብዙ ቀለበት ሃይድሮካርቦኖች ወገን ናቸው። እነዚያ ጠራጊዎች ሥራውን የሚጀምሩት ገና በልጅነታቸው ነበር። ዛሬ በየላቫጆው ያለ ጓንት ጨርቁን የሚነክሩት እጆችም በአብዛኛው የወጣቶች እጆች ናቸው። አንድ ጊዜ መንካት ይገድላል አንልም። በየቀኑ፣ ለዓመታት፣ እስከ ክርን ድረስ መነከር ግን ሌላ ነገር ነው፤ የአደጋው መጠን ከድግግሞሹ ጋር አብሮ ይጨምራል።

ከእጅ የተረፈው ደግሞ በእጥበት ውኃ ወደ ቦይ ይወርዳል። የአዲስ አበባ ወንዞች ወደ አቃቂ፣ አቃቂም ወደ አዋሽ እንደሚፈስስ፣ በመንገዱም ላይ የጓሮ አትክልት የሚጠጣው ይኸው ውኃ እንደሆነ የማያውቅ የከተማ ነዋሪ ጥቂት ነው።

እድሳት የሚባለው የትኛው ነው?

ለማንኛውም የእድሳት ዘዴ አንድ ጥያቄ እናቅርብለት፦ የሚለውጠው ብርሃኑን ነው፣ ገጹን ነው ወይስ ወደፊት የሚመጣውን ጉዳት? በዚህ መመዘኛ ዘዴዎቹን በቅደም ተከተል ማስቀመጥ ይቻላል።

የመጀመሪያው ሙቅ አየር ነው። ፖሊፕሮፒሊን 160 ዲግሪ ሴልሲየስ አካባቢ ይቀልጣል። በሙቅ አየር መንፊያ ገጹ በጥንቃቄ ሲሞቅ የላይኛው ቆዳ ለአፍታ ይለሰልስና በገጽ ውጥረት ራሱን ያስተካክላል፤ ስንጥቁ ይገጥማል፤ የተጋለጠው ታልክ ተመልሶ ይሸፈናል። ይህ ገጹን በእውነት ስለሚለውጥ ከዘይት የተሻለ ነው። ነገር ግን የተቆረጡት ሰንሰለቶች እንደተቆረጡ ይቀራሉ፤ ያለቀው መከላከያ ንጥረ ነገርም አይተካም። ስለዚህ ንጣቱ በወራት ውስጥ ይመለሳል፤ ሙቀቱ በተደጋገመ ቁጥርም ፕላስቲኩ ይደክማል። አንዳንድ ጋራዦች በጋዝ ነበልባል የሚያደርጉት ግን ፕላስቲኩን የሚያጣምም፣ የጎረቤቱን ቀለም የሚያፈላ፣ በነዳጅ አጠገብም እሳት የሚያስነሣ በመሆኑ ፈጽሞ ሊቀር ይገባዋል።

ሁለተኛው ቀለም መቀባት ነው። እዚህ ላይ ችግሩ ፖሊፕሮፒሊን የገጽ ኢነርጂው ዝቅተኛ በመሆኑ ቀለም አለመያዙ ነው። በቀጥታ የተቀባ ቀለም ከወራት በኋላ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣል። ሥራው የሚሰምረው ገጹ በሳሙና ታጥቦ፣ ዘይቱና ሲሊኮኑ በሚገባ ወጥቶ፣ የረገፈው ቆዳ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ተነሥቶ፣ ለፕላስቲክ ተብሎ የተዘጋጀ ፕራይመር ከተቀባ በኋላ ነው። ጥሩ ጥቁር ቀለም ጨረሩን ከፕላስቲኩ በፊት ስለሚውጥ ገጹንም የወደፊቱንም ይለውጣል። ወጪው ከዘይት ይበልጣል፤ በዓመታት ሲካፈል ግን ያንሳል።

ሦስተኛው አልትራቫዮሌት የሚውጥ ንጥረ ነገር ያለበት ሽፋን ነው። ይህ ሽፋን ጨረሩን ተቀብሎ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፤ እየዋለ እያደረ ግን ራሱ ስለሚያልቅ መታደስ አለበት። ገዢው በዕቃው ላይ «ያበራል» የሚለውን ሳይሆን «ከአልትራቫዮሌት ይከላከላል» የሚለውን ይፈልግ፤ ሻጩም በምን እንደሚከላከል ይጠየቅ።

ሳይቃጠል በቅጠል

የተቆረጠ ሰንሰለት የሚቀጥል ቅባት ስለሌለ ዋናው ብልሃት መከላከል ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ። ለዚህም ኬሚስቶች ፕላስቲኩ ገና በፋብሪካ ሳለ ሦስት ዓይነት ዘብ ያቆሙለታል። የመጀመሪያው ዘብ ጨረሩን የሚውጠው ሲሆን የካርቦን ጥላሸት እዚህ ይመደባል። የውኃ ቧንቧ የሚሆን ጥቁር ፖሊኢቲሊን 2 በመቶ ያህል በደቃቁ የተበተነ ጥላሸት ሲይዝ ለረጅም ዓመታት የሚቆየው በዚህ ነው። ሁለተኛው ዘብ ጨረርን ውጠው ወደ ሙቀት የሚለውጡ ልዩ ሞለኪውሎች ናቸው። ሦስተኛው ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተስፋፉት የአሚን ማረጋጊያዎች ሲሆኑ፣ ራዲካሎቹን እያሳደዱ የሚይዙና ከያዙም በኋላ ራሳቸውን አድሰው እንደገና ለሥራ የሚሰለፉ ናቸው። ርካሽ ተለዋጭ ፓራውልት በሁለት ዓመት ውስጥ ሲነጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ የቀረው ነገር እነዚህ ዘቦች ናቸው፤ በዐይን ስለማይታዩም ገዢው መቅረታቸውን አያውቅም። የጥራት ደረጃና ምርመራ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ለባለመኪናው የሚቀረው ድርሻ ቀላል ነው። ከተቻለ ከጥላ ሥር ማቆም፤ ካልተቻለ ማልበስ። የዛፍ ጥላ ከሰማይ የሚበተነውን አልትራቫዮሌት ሙሉ በሙሉ ባይከለክልም የቀጥታውን ፀሐይ ይቀንሳል፤ የፕላስቲኩንም ሙቀት ያወርዳል። ሙቀት ሲቀንስ የኬሚካል ለውጡ ፍጥነት አብሮ ስለሚቀንስ ጥቅሙ ድርብ ነው። አቧራን በደረቅ ጨርቅ ከማሸት አስቀድሞ በውኃ ማውረድ፤ በለስላሳ ሳሙና ማጠብ፤ የተቃጠለ ዘይት ይዞ ለሚቀርብ አጣቢ ደግሞ «ይቅር፣ በውኃ ብቻ» ብሎ ዋጋውን ሳይቀንሱ መክፈል። ይህ የመጨረሻው ምንም ዕውቀት አይጠይቅም።

የሚነሣ ተቃውሞ

«ኑሮ በከበደበት ጊዜ ስለ ፓራውልት ንጣት ማውራት ቅንጦት ነው» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። በከፊል እንስማማለን። የነጣ ፓራውልት መኪናን ከመንዳት አያግድም፤ እንዲያውም ማጥቆሩ ከሚያስከትለው ጉዳት ይልቅ ነጥቶ መቅረቱ ይሻላል ብንል አልተሳሳትንም። ነገር ግን ሁለት ነገር መጨመር ይገባናል። አንደኛ፣ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ይታወሳል። በእጃችን ያሉትን መኪናዎች ለብዙ ዓመታት ማቆየት የግድ ሆኗል፤ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት አዳዲሶቹም ቢሆኑ ፕላስቲካቸው ከዚህችው ፀሐይ በታች ነው። ሁለተኛ፣ ይኸው ሂደት የሚካሄደው በመኪና ላይ ብቻ አይደለም። በቤታችን ጣሪያ ላይ ያለው የውኃ ማጠራቀሚያ፣ በስምጥ ሸለቆ የአበባ እርሻዎች ላይ የተዘረጋው ፕላስቲክ፣ በየደጁ የሚቀመጥበት ወንበር በአንድ ሕግ ሥር ናቸው። በፓራውልት ላይ ንጣት የሆነው በወንበር ላይ ስብራት፣ በማጠራቀሚያ ላይ ፍሳሽ ይሆናል።

ከዚህም በላይ የትምህርት ነገር አለ። ተማሪዎቻችን የስብረትን ሕግ በቃላቸው ይወጣሉ፤ የፎቶንን ኢነርጂ ቀመር በፈተና ላይ ያሰላሉ፤ እርጥብ አፈር ለምን እንደሚጠቁር ሲጠየቁ ግን ዝም ይላሉ። የላቦራቶሪ ዕቃ እጥረት እውነት ነው፤ ሰበብ ግን ሊሆን አይገባውም። ከአንድ ጋራዥ የተጣለ የፓራውልት ስባሪ ለምኖ ማግኘት አይከብድም። ስባሪውን አምስት ቦታ መቁረጥ፤ አንዱን ለማነጻጸሪያ ቁም ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ፤ አንዱን ራቁቱን ጣሪያ ላይ ማዋል፤ የአንዱን ግማሽ በአሉሚኒየም ወረቀት ሸፍኖ ማዋል፤ አንዱን የኑግ ዘይት፣ አንዱን በፕራይመር ላይ ጥቁር ቀለም ቀብቶ ማዋል። ከዚያም በየወሩ በአንድ ሰዓትና በአንድ ስፍራ፣ አጠገቡ ነጭ ወረቀት አድርጎ በስልክ ፎቶግራፍ ማንሣትና የውኃ ጠብታውን ፍተሻ መድገም። ዓመቱ ሲሞላ ክፍሉ በእጁ የሚይዘው የራሱ መረጃ ይኖረዋል፤ በአሉሚኒየሙ ጠርዝ ላይ የሚታየው መስመር ከማንኛውም የእኛ ንግግር ይበልጥ ያስረዳል።

ሙከራውን ለመጀመር የተሻለው ጊዜ መስቀል እንዳለፈ፣ ዝናቡ አቁሞ ሰማዩ ሲጠራ ነው። ያን ጊዜ የሚጀምሩ ትምህርት ቤቶች እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ የዓመቱን ብርቱ ፀሐይ ያገኛሉ። ስባሪውን ለመለመን ወደ ጋራዥ የሚሄዱ ተማሪዎችም መንገዳቸው በላቫጆ በኩል ከሆነ፣ ዘይት ውስጥ እጁን ለነከረው ጓደኛቸው የሚያውቁትን ነግረውት ይለፉ።